መኪና፣ ይሉኝታና የሰው ነፃነት በሁለት «አዲስ ዓለም» መጻሕፍት

በ1924 ዓ.ም. አልደስ ሀክስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ በአማርኛ «ድንቁ አዲስ ዓለም» ልንለው የምንችለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ብዙም ሳይቆይ በ1925 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም» የተባለውን መጽሐፋቸውን በአዲስ አበባ አወጡ። የስማቸው መገጣጠም የአጋጣሚ ነገር ነው። ሆኖም ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። በሀክስሊ መጽሐፍ መኪና ሰውን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ነፃነቱን ይነጥቀዋል። በኅሩይ መጽሐፍ ግን ሰውን አንድ ዓይነት አድርጎ የያዘው የአባቶች ልማድ ነው፤ አዲሱም ዕውቀት ነፃ የሚያወጣ ኃይል ሆኖ ይታያል። እንግዲህ በአንድ ዘመን የጻፉ ሁለት ሊቃውንት ስለ ሥልጣኔ እንዲህ ተቃራኒ ነገር ሊያስቡ የቻሉት ስለ ምንድር ነው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። መልሱንም የምንፈልገው በሰሜን ሸዋ ታሪክ ውስጥ ነው። ይህንንም ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኅሩይ የተወለዱት በመርሐ ቤቴ ነው፤ የመጽሐፋቸው ባለ ታሪክ አወቀም የተጉለት ሰው ነው። ባሕር ማዶ የተሠራ መሣሪያ ቀድሞ ገብቶ ከታየባቸው የኢትዮጵያ ክፍሎች አንዱ የአንኮበር ቤተ መንግሥት ነው። ከአንኮበር በስተ ሰሜን ባለችው በደብረ ሲና አናት ላይ ደግሞ መኪና ተራራ በስቶ ያለፈበት የጣርማ በር መሿለኪያ ይገኛል።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ቃላቱን እንለይ። በዚህ ጽሑፍ «መኪና» ስንል በመንገድ የሚሄደውን አውቶሞቢል ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ወፍጮውን፣ ስልኩን፣ ራዲዮኑን፣ አውሮፕላኑን፣ የዛሬውንም ኮምፒዩተር ሁሉ በዚህ ስም እንጠራዋለን። «ይሉኝታ» ስንል «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የራስን አሳብ ትቶ ሰውን መምሰል ነው። «ነፃነት» የምንለውም ሰው እንደ ልቡ አስቦ፣ ያሰበውን ተናግሮ፣ ከወገኑም ሳይለይ ለመኖር መቻሉን ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው የድርሰት ዓይነት ደግሞ በሮኬትና በጨረቃ ጉዞ ብቻ አይወሰንም። የነገሩ ሥር «አዲስ ዕውቀት ወደ ሰው ኑሮ ቢገባ ሰውና ማኅበሩ እንዴት ይሆናሉ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የኅሩይ መጽሐፍ ሮኬት ባይኖርበትም ይህንኑ ጥያቄ ስለሚጠይቅ ከእነዚያ ጋር ልናስተያየው ይገባናል።

የአንኮበሩ ወፍጮ

ከ1805 ዓ.ም. ገደማ እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የእጅ ሥራና አዲስ ነገር የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ። ወደ አንኮበር የሚመጣውን የውጭ አገር ሰው ሁሉ ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ባሩድና ስለ መድኃኒት ይጠይቁት ነበር። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር መጥቶ ጎብኝቷቸዋል። በ1833 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሀሪስም ብዙ የጦር መሣሪያና ልዩ ልዩ ስጦታ አምጥቶላቸዋል።

በእኒሁ ንጉሥ ዘመን ዲሜትሪዮስ የተባለ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለ እጅ በአንኮበር አጠገብ በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ወፍጮው ፈጨ። ነገር ግን ካህናቱ «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ስላሉ ብዙ ሳያገለግል ሥራ ፈትቶ ቀረ።

ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በካህናቱ ይስቃሉ። ታሪክን የሚመረምር ሰው ግን ከመሳቁ በፊት ሁለት ነገር ማየት አለበት። የመጀመሪያው የካህናቱ ፍርሃት ፈጽሞ መሠረት የሌለው አለመሆኑ ነው። መኪና ይዞ የሚመጣ እንግዳ ከመኪናው ጋር የራሱን ፈቃድ ይዞ ይመጣል። ሀሪስም ስጦታውን ያመጣው ውል ሊያዋውል ነበር፤ ውሉም በ1834 ዓ.ም. ተፈርሟል። ይህ ከሆነ ከመቶ ዓመት በታች ባለ ጊዜ ውስጥ ሌላ የአውሮፓ መንግሥት በመኪና ኃይል አገሪቱን ወሮ እንደ ያዘ ከዚህ በታች እናያለን።

ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይከብዳል። ወፍጮው ሲቆም የጉዳቱ ዕዳ የወደቀው በማን ላይ ነው? በንጉሡ ላይ አልወደቀም፤ እንጀራቸው አልጎደለምና። በካህናቱም ላይ አልወደቀም። የወደቀው ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ላይ አጎንብሰው ለቤተ መንግሥቱ በሚፈጩት ሴቶች ላይ ነው። ወፍጮው ይቁም ወይስ ይቀጥል ሲባል እነርሱን የጠየቃቸው የለም። የእነርሱ ክንድና ወገብ በዚያ ክርክር ውስጥ ምስክር ሆኖ አልተቆጠረም። ስለዚህ ልማድ ሰውን አንድ አድርጎ ሲይዝ ሸክሙ ለሁሉ እኩል እንደማይደርስ ከዚህ እንረዳለን። ድምፅ የሌለው ሰው ለባለ ድምፁ ጸጥታ ይከፍላል።

ሥራ፣ ስልክና «የሰይጣን ቤት»

ከሣህለ ሥላሴ በኋላ መኪናን ከሁሉ አብልጠው የፈለጉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በጋፋት የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን ባለ እጆች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አፈሰሱላቸው፤ መድፉም በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ መኪናውን የፈለጉት አገራቸውን ነፃ ለማድረግ ነበር። ነገር ግን ሠራተኞቹ ልሂድ ቢሉ የማይለቀቁ ነበሩ። ነፃነትን ይጠብቃል የተባለ መሣሪያ ነፃነት በሌለው እጅ መሠራቱ በእኛ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ልብ እንበል።

በአንጎለላ ተወልደው በሸዋ የነገሡት ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1882 ዓ.ም. ገደማ ራስ መኰንን ከኢጣልያ ስልክ ባመጡ ጊዜ ከካህናቱ ወገን «ጋኔን የሚናገርበት ነው» ያሉ ነበሩ። ምኒልክ ግን ስልኩን አልተዉም። ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜም ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ።

ይህ አዋጅ ለጉዳያችን እጅግ ጠቃሚ ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን ማረሻውን የሚሠራው ሰው «ቡዳ» እየተባለ ሲሸሽ፣ በማረሻው የሚያርሰው ጨዋ ሲባል ኖሯል። ቀጥቃጩ የሠራውን ማጭድ ያልያዘ ገበሬ የለም፤ ልጁን ለቀጥቃጭ ልጅ የሚድር ግን አልነበረም። እንዲህ ባለ አገር አዲስ ነገር መፍጠር የሚችል ሰው ጥበቡን ቢገልጥ ክብሩን ያጣል። እንግዲህ የፈጠራ ሥራ በአገራችን ያልተስፋፋው አእምሮ ጠፍቶ እንዳይመስለን። ይሉኝታ የብልሆቹን እጅ አስሮ ስለ ኖረ ነው። የምኒልክ አዋጅ ይህን እስር ለመፍታት የተሞከረ ሙከራ ነበር። አዋጅ ግን ስድብን ይከለክል ይሆናል እንጂ ልብን በአንድ ቀን አይለውጥም።

በሌላ ወገን ስልኩ ራሱ አዲስ ዓይነት መታዘዝን አመጣ። ቀድሞ ሩቅ አገር የተሾመ መኰንን ከቤተ መንግሥት የመጣውን ትእዛዝ መልእክተኛው እስኪመለስ ድረስ በብልሃት ሊያዘገየው ይችል ነበር። ሽቦው ከተዘረጋ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ በየአውራጃው ደረሰ። ስለዚህ ያው መሣሪያ ነጋዴውን ከነጋዴው ሲያገናኝ ሹሙን ደግሞ ከማዕከል ጋር አጥብቆ አሰረው። መኪና በአንድ እጁ የሚፈታውን በሌላ እጁ ሊያስር እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

ሁለቱ አዲስ ዓለሞች

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። ኅሩይ «አዲስ ዓለም»ን በጻፉ ጊዜ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ የመጀመሪያው አውሮፕላንም በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ አርፏል። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ታውጇል። ኅሩይ ራሳቸው በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኝነት ወደ ጃፓን ሄደው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ጃፓን የራሷን ወግ ሳትጥል የአውሮፓን መኪና የያዘች አገር ናት ብለው የኢትዮጵያ ምሁራን በዚያ ዘመን ተስፋ ያደርጉባት ነበር።

የመጽሐፉ ባለ ታሪክ አወቀ ስሙ እንደሚመሰክርለት ዕውቀት የሚወድ የተጉለት ልጅ ነው። ባሕር ተሻግሮ በፓሪስ ከተማ ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። የተመለሰበት አገር ግን እንደ ጥንቱ ነው። ለሟች ተዝካር ከአቅም በላይ መደገስ፣ በሠርግ ሀብት ማጥፋት፣ ይህን የመሰለ ሁሉ እንደ ሕግ ተይዟል። አወቀ «ይህ ነገር ለምን ይሆናል?» እያለ ከዘመዶቹና ከካህናቱ ጋር ይከራከራል። ዘመዶቹ ያዝኑበታል፤ ባሕር ማዶ ሄዶ ሃይማኖቱን ለወጠ ብለው ይጠረጥሩታል። ነገሩም እያደገ ሄዶ የሊቃውንት ጉባኤ እስከሚነጋገርበት ይደርሳል።

የሀክስሊ ዓለም ከዚህ ሌላ ነው። በዚያ መጽሐፍ ዘመን የሚቆጠረው የአውቶሞቢል ፋብሪካ ባለቤት ከነበረው ከሄንሪ ፎርድ ጀምሮ ነው። ሕፃናት ከእናት ማኅፀን አይወለዱም፤ በፋብሪካ በብልቃጥ ውስጥ ይበቅላሉ። ገና ሳይወለዱ ከላይኛው እስከ ታችኛው ድረስ በአምስት ደረጃ ተከፍለው፣ እያንዳንዱ የተመደበለትን ሥራ እንዲወድ ተደርጎ ይሠራል። በእንቅልፋቸው ትምህርት ይነበብላቸዋል። ልባቸው ቅር ቢለው «ሶማ» የሚባል ክኒን ይውጣሉ። ማንም ማንንም አይገርፍም፤ ማንም አያምፅም። ከዚህ ዓለም ውጭ ያደገው ዮሐንስ የተባለው ሰው በመካከላቸው ለመኖር ሞክሮ ስላልቻለ ራሱን አጠፋ።

ሀክስሊ በዚህ አሳብ ብቻውን አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909 እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር ሰዎች ሁሉ ከምድር በታች በየክፍላቸው ተዘግተው በአንድ ታላቅ መኪና ስለሚኖሩበት ዘመን አጭር ታሪክ ጽፏል። ሩሲያዊው ዛምያቲን ከአብዮቱ በኋላ «እኛ» በተባለው መጽሐፉ ሰዎች በስም ፈንታ በቁጥር የሚጠሩበትንና ግድግዳው ሁሉ መስተዋት የሆነበትን አገር ሣለ። ጆርጅ ኦርዌል ደግሞ በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሆኖ የሚናገርና የሚያይ መሣሪያ አሳየን። የእነዚህ ሁሉ ደራስያን አገር መኪና የሞላበት አገር ነው። ወፍጮ የሚከለክል ካህን ከዘመናቸው ርቋል። የሚያስፈራቸው የፋብሪካው ሥርዓት ከፋብሪካው ወጥቶ ወደ ሰው ነፍስ እንዳይገባ ነው። ለኅሩይ ግን ፋብሪካው ገና የሚናፈቅ ነገር ነበር።

እስከዚህ ድረስ የልዩነቱ ምክንያት የዘመንና የአገር ሁኔታ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከዚህ የጠለቀ አንድ ነገር አለ ብለን እናምናለን። የአወቀ ተቃዋሚዎች ፊት አላቸው። አጎት ናቸው፣ የነፍስ አባት ናቸው፣ ጎረቤት ናቸው። ይቆጣሉ፣ ይገዝታሉ፣ ያለቅሳሉ፤ ግን ይመልሳሉ፣ ይጠየቃሉም። አወቀ «አባቴ፥ ይህ በየትኛው መጽሐፍ ተጻፈ?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይችላል። እነርሱም መልስ ካጡ ያፍራሉ። ይሉኝታ ራሱ ወደ እነርሱም ይዞራልና። ስለዚህ የኅሩይ ባለ ታሪክ ቢያዝንም ተስፋ አይቆርጥም፤ ክርክሩም እስከ ጉባኤ ይደርሳል።

የሀክስሊ ዮሐንስ ግን የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? አንድ አለቃ ጊዜ ሰጥቶ አነጋግሮታል፤ ያ አለቃ የዮሐንስን አሳብ በሚገባ ተረድቶ እንኳ አንዳች ነገር አልለወጠም። ብልቃጡ፣ ክኒኑና በእንቅልፍ የሚነበበው ትምህርት ጆሮ የላቸውም። መኪና ያመጣው አንድ ዓይነትነት ፊት የሌለው ግዴታ ነው። ፊት የሌለውን ነገር ማሳፈር አይቻልም፤ መለመንም አይቻልም።

የጣርማ በር መሿለኪያ

የኅሩይ ተስፋ ብዙ አልቆየም። መጽሐፋቸው በታተመ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ወታደርና ገበሬ ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። ከሰባት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሲያርፍ ሕዝብ በአድናቆት ያየው አውሮፕላን አሁን ሞት ይዞ መጣ። ኅሩይም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር አረፉ። የወረራውን ፍጻሜ አላዩም።

በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አሥመራ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ገደል በጣርማ በር በስተው መሿለኪያ አበጁ፤ በመሪያቸውም በሙሶሊኒ ስም ጠሩት። ቦታው ስሙ እንደሚናገረው በር ነው፤ ደጋውን ከቆላው የሚለይ የተራራ በር። ቀድሞ መንገደኛው አቀበቱን በእግሩ ወይም በበቅሎ እየቆረጠ ያልፈው ነበር፤ ኢጣልያኖች ግን ጭነታቸውንና ወታደራቸውን በተራራው ሆድ ውስጥ አሳለፉ። መሿለኪያው ያለ ጥርጥር ታላቅ የምሕንድስና ሥራ ነው። የተሠራው ግን በዙሪያው በመንዝና በተጉለት አርበኞች በሚዋጉበት ጊዜ የቅኝ ገዥ ሠራዊት ፈጥኖ እንዲደርስ ተብሎ ነው። በ1933 ዓ.ም. ያው ሠራዊት ወደ ደሴ ሲያፈገፍግ የሚያሳድደውን ጦር ለማዘግየት መሿለኪያውን በፈንጂ አሰናከለው። የሠሩትም ያፈረሱትም ለአንድ ዓላማ ነው ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ ግን ያው መንገድ ሌላ ሥራ ጀመረ። የደብረ ሲና ገበያተኛ በእርሱ ወጣ ገባ አለ። ከቆላው የሚመጣ እህልና ፍራፍሬ በእርሱ አለፈ። ከይፋትና ከጥሙጋ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት የሚሄድ ልጅም በእርሱ ውስጥ አለፈ። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያዝበት ነው። ስለዚህ «መኪና ለነፃነት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ትርጉም እንደሌለው የጣርማ በር ታሪክ ያስረዳናል። መጠየቅ ያለበት «በማን እጅ ነው? የሚጠቀምበት ሰው ለባለቤቱ መልስ ሊሰጠው፣ እንቢም ሊለው ይችላልን?» ተብሎ ነው።

አፍ ያለው ጆሮ የሌለው

ይህ ጥያቄ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ እንደ ገና በብርቱ የተነሣው በደርግ ዘመን ነው። ራዲዮን በአገራችን ከወረራው በፊት፣ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሁለቱም የመንግሥቱን አንድ ድምፅ በየቤቱ ማሰማት ዋና ሥራቸው ሆነ። የቀበሌው ስብሰባ፣ የውይይት ክበቡ፣ መፈክሩ፣ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቃል እንዲናገር ያስገድዱ ነበር። ኦርዌል በልብ ወለድ የጻፈውን የኢትዮጵያ ወጣት በዓይኑ አየው።

በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለ ሥልጣን ሆኖ ይህን መኪና ከውስጥ ያውቀው ነበር። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፉ በኤርትራ ስለ ተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲሆን፣ ባለ ታሪኩ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የዘመቻውን ወሬ ለሕዝብ የሚያሰራጭ ጋዜጠኛ ነው። ጸጋዬ የሚናገረው በመሣሪያው ነው፤ የሚያየው ግን በገዛ ዓይኑ ነው። በሚናገረውና በሚያየው መካከል ያለው ገደል የመጽሐፉ ጭብጥ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

«ኦሮማይ» የሳይንስ ልብ ወለድ ተብሎ አይጠራም። ነገር ግን የሀክስሊና የኦርዌል ፍርሃት ወደ አማርኛ የገባው በዚህ መጽሐፍ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ራዲዮን አፍ ያለው ጆሮ የሌለው መኪና ነው። አወቀ ከነፍስ አባቱ ጋር እንደ ተከራከረ ከራዲዮን ጋር ሊከራከር የሚችል ሰው የለም። በዓሉ ለመኪናው መልስ ለመስጠት የቀረው መሣሪያ ብዕሩ ብቻ ነበር፤ ዋጋውንም ከፈለ።

ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለውጧል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ አንባቢ ያገኘው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ኢትዮጵያዊ የጠፈር ሊቅን፣ አሜሪካንንና የጣናን ገዳማት በአንድ ታሪክ ውስጥ አገናኘ። በአንኮበር ካህናቱ ያስቆሙትን ወፍጮ ለሚያስታውስ ሰው ገዳምና የጠፈር ምርምር በአንድ መጽሐፍ ተስማምተው መታየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ወጣቱ መጽሐፉን እየተቀባበለ ያነበበው መኪና የእኛም ሊሆን ይችላል የሚል ምኞት ስላለበት ይመስለናል። ነገር ግን መኪናው የእኛ ከሆነ በኋላ በእኛ መካከል ማን ያዝበታል የሚለው ጥያቄ አሁንም ይቀራል።

ዛሬ በየኪሳችን የያዝነው ስልክ አፍም ጆሮም አለው። ስለዚህ ከራዲዮን ይሻላል ማለት እንችል ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስፈራል። አንደኛ፣ የጥንቱ ይሉኝታ ፊት ነበረው፤ የሚወቅሰን ሰው አጎታችን ወይም ጎረቤታችን ስለ ነበረ በቀብር ላይ ስንገናኝ እንታረቅ ነበር። በስልኩ ውስጥ የሚወቅሰን ግን ስሙ የማይታወቅ ብዙ ሺህ ሰው ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚያስታርቅ ሽማግሌ አይገኝም። ወጣቱም ያን ፈርቶ ብዙዎች የሚሉትን ይላል። ሁለተኛ፣ መክፈቻውና መዝጊያው በሌላ እጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ በክልሉ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ተማሪው ትምህርቱን ለመከታተል፣ ነጋዴው ሒሳቡን ለመክፈል፣ እናት ባሕር ማዶ ያለ ልጇን ለማየት ተቸገሩ። እንደ አንኮበር ሴቶች ሁሉ እነርሱንም የጠየቃቸው አልነበረም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን እንሰብስብ። የአውሮፓ ደራስያን መኪናን የፈሩት ሰውን ፊት በሌለው ግዴታ ስለሚያስረው ነው። ኅሩይ አዲሱን ዕውቀት የወደዱት ልማድ ያሰረውን ሰው ይፈታል ብለው ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የሰሜን ሸዋ ታሪክ የሚጨምርልን ልማድም መኪናም ነፃነትን ሊገድሉ እንደሚችሉ፣ የሚገድሉትም መልስ የሚሰጣቸው ሰው ሲጠፋ መሆኑን ነው። በአንኮበር የፈጪዎቹ ሴቶች መልስ አልተሰማም። በጋፋት የባለ እጆቹ እንቢታ አልተፈቀደም። በኦሮማይ ዘመን ለራዲዮኑ የመለሰው ሰው ጠፋ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ እንደ አወቀ ከገጠር ወጥተው የሚማሩ ናቸው። በበዓል ወደየአገራቸው ሲመለሱ ከአጎታቸውና ከነፍስ አባታቸው ጋር መከራከር ይደክማቸዋል። ስለዚህ ዝም ብለው ስልካቸውን ይከፍታሉ፤ በዚያም አሳባቸውን ከሚመስሉ ሰዎች ጋር ይስማማሉ። ይህ ነፃነት ይመስላል። ነገር ግን ፊት ካለው ግዴታ ሸሽቶ ፊት ወደሌለው ግዴታ መግባት ነው። አወቀ ከነቀፌታው ሁሉ ጋር በዘመዶቹ መካከል ተቀምጦ «ለምን?» ማለትን መረጠ። የኅሩይ መጽሐፍ ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላም የሚነበብበት ምክንያት ይህ ይመስለናል።

መሐንዲስ ሆኖ የሚመረቀው ጓደኛችን ደግሞ ከዚህ አንድ ነገር ቢይዝ ደስ ይለናል። አዲስ መኪና ወደ አንድ መንደር ሲያስገባ «ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ግዴታው ነው፤ የዲሜትሪዮስም ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን ከዚያ አልፎ ወፍጮው ዘንድ የሚቆሙትን ሰዎች ሁሉ፣ በተለይም ማንም የማይጠይቃቸውን፣ አስቀድሞ ይጠይቅ። እነርሱ እንቢ የሚሉበት መንገድ ካለ መኪናው የእነርሱ ይሆናል። ከሌለ ግን መኪናው ቢዞርም ቢቆምም ሰዎቹ ያው በድሮው ወፍጮ ላይ ናቸው።